ግራፍ ያለ መስኮት

ጥያቄ፦ ወደ ሰርቨሩ የምገባው በኤስኤስኤች ብቻ ነው። የሎግ ቁጥሮችን እዚያው በግራፍ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ በሚገባ። ከ1986 ጀምሮ ያለው አንጋፋው የግራፍ መሳያ ፕሮግራም ግኑፕሎት ይበቃዎታል። «ሴት ተርሚናል ደምብ» ካሉት ግራፉን በፊደልና በምልክት እዚያው ስክሪኑ ላይ ይስልልዎታል። መጠን ካልነገሩት 79 በ24 ፊደል ነው፤ ጠበበኝ ካሉ «ሳይዝ» ብለው ያስፉት። ሎጉን ግን እንዳለ አይስጡት፤ በኦክ (awk) የሚፈልጉትን ዓምድ ለይተው በፓይፕ ይላኩለት፤ በ«ፕሎት» ትእዛዙ ውስጥ በፋይል ስም ቦታ ሰረዝ (-) ይግባ።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ቁመቱን ራሱ ስለሚመጥን ከ100 ወደ 103 ያለች ጭማሪ ገደል መስላ ታስደነግጣለች። «ሴት ዋይሬንጅ» ብለው ከዜሮ ያስጀምሩት። ለአለቃ የሚቀርብ ሪፖርት ከሆነ ግን በፒኤንጂ ያውጡት።