በራዲዮ ስለሚመሩ ትንንሽ አይሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች፤ ለጀማሪ የሚሆን ትምህርት

አንድ ሰው መሬት ላይ ቆሞ በእጁ በያዛት ትንሽ ሣጥን አማካይነት በሰማይ የምትዞረውን አይሮፕላን ወደ ቀኝና ወደ ግራ፥ ወደ ላይና ወደ ታች ሲያዝዛት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሁሉ ተአምር ይመስላል። ነገር ግን ተአምር አይደለም። በፊዚክስ ክፍል ስለ ኤሌክትሪክ፥ ስለ ሞገድና ስለ አየር ግፊት የምንማረው ሁሉ በአንድነት ተሰብስቦ በሥራ ላይ ሲውል ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ጓደኞቼ፥ እንዲሁም «ልጃችን ጊዜውን በጨዋታ ሊያጠፋ ነው» ብለው ለሚሠጉ ወላጆች፥ ካነበብሁትና ከራሴ ስሕተት ከተማርሁት ጥቂቱን ለመጻፍ አሰብሁ።

ታሪኩ ባጭሩ

ያለ ሽቦ፥ በራዲዮ ሞገድ ብቻ፥ አንድን ነገር ከሩቅ መምራት እንደሚቻል ኒኮላ ቴስላ ለሕዝብ ያሳየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም. ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ አንዲት ትንሽ ጀልባ በውሃ ገንዳ ላይ አድርጎ ሳይነካት አዘዛት። ከዚያም በ1930ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ዋልተርና ዊልያም ጉድ የሚባሉ አሜሪካውያን መንትያ ወንድማማቾች «ጋፍ» ብለው የሰየሟትን አይሮፕላን ራሳቸው በሠሩት ራዲዮ እየመሩ አበረሩ። ሄሊኮፕተር ግን ከአይሮፕላን ይልቅ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ብዙ ዘገየ፤ በሚገባ የሚታዘዝ ትንሽ ሄሊኮፕተር ለማብረር ጀርመናዊው ዲተር ሽሉተር የበቃው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው። እንግዲህ ዛሬ በቀላሉ የምናየው ነገር በአያሌ ሰዎች ድካምና በብዙ ውድቀት የተገኘ መሆኑን መርሳት አይገባንም።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ

በአብራሪው እጅ ያለው ሣጥን ማሰራጫ ይባላል። አብራሪው ማንሻዎቹን በጣቱ ሲገፋ ማሰራጫው ትእዛዙን በራዲዮ ሞገድ ይልካል። በአይሮፕላኑ ውስጥ ያለው መቀበያ ትእዛዙን ተቀብሎ ሰርቮ ለሚባሉት ትንንሽ ሞተሮች ያስተላልፋል፤ ሰርቮዎቹም በቀጭን ዘንግ አማካይነት የክንፉንና የጅራቱን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ይስባሉ ወይም ይገፋሉ። ፕሮፔለሩን የሚያሽከረክረው ዋናው ሞተር ኃይሉን የሚያገኘው ከባትሪ ነው።

በቀድሞ ዘመን የሚሠራበት ሞገድ 27፥ 35 ወይም 72 ሜጋ ኸርዝ ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ዓይነት ሞገድ ማሰራጫቸውን ቢከፍቱ የአንደኛው ትእዛዝ ከሌላው ጋር ተደባልቆ አይሮፕላኑ ይወድቅ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው መሣሪያ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ሲሆን፥ መቀበያው አስቀድሞ ከአንድ ማሰራጫ ጋር ተዋውቆ ከዚያ ከራሱ ማሰራጫ በቀር የሌላውን ትእዛዝ አይሰማም።

አራቱ ትእዛዞች

አንድ ጀማሪ አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ትእዛዞች አራት ናቸው።

1ኛ/ የሞተሩ ኃይል፤ ይኸውም ፕሮፔለሩ እንዲፈጥን ወይም እንዲዘገይ የሚያደርግ ነው።

2ኛ/ ኤሌቬተር፤ በጅራቱ ላይ በአግድም ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ነው። ወደ ላይ ሲታጠፍ ጅራቱ ይወርድና አፍንጫው ይነሣል።

3ኛ/ ኤሌሮን፤ በሁለቱ ክንፎች ኋላ ያሉት ክፍሎች ናቸው። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል፤ አይሮፕላኑም ወደ ጎን ያዘነብላል።

4ኛ/ ራደር፤ በጅራቱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ክፍል ሲሆን አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል።

አይሮፕላን ይሻላል ወይስ ሄሊኮፕተር?

ብዙ ጀማሪዎች ሄሊኮፕተሩን ይመኛሉ፤ በአየር ላይ ቆሞ መቅረቱ ልብ ይማርካልና። ነገር ግን መልካም ሆኖ የተስተካከለ የመለማመጃ አይሮፕላን እጃችንን ከማንሻው ብናነሣ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሄሊኮፕተር ግን ሁልጊዜ ማረሚያ ይፈልጋል። የላይኛው ትልቅ ሮተር ወደ አንድ በኩል ሲዞር የሄሊኮፕተሩ አካል ወደ ሌላው በኩል ሊዞር ይሞክራል፤ ይህንን የሚከለክለው በጅራቱ ላይ ያለው ትንሽ ሮተር ነው። ዛሬ ጋይሮስኮፕ የሚባል መሣሪያ ይህን ሥራ ያግዛል፤ ቢሆንም ትልቅ ሄሊኮፕተር ለጀማሪ አይመከርም፤ ሮተሩም እንደ ስለት ይቆርጣል። ሄሊኮፕተር የግድ የሚወድ ሰው ቢኖር፥ አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ሮተሮች ባሉት በትንሽ ሄሊኮፕተር በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ይጀምር።

ለጀማሪ የሚስማማው አይሮፕላን ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ፥ ዝግ ብሎ የሚበርና ከፎም የተሠራ ነው። ፎም ቢሰበር በማጣበቂያ ይጠገናል። የጦር አይሮፕላን መልክ ያላቸው ፈጣኖች ለኋላ ይቆዩ።

ያለ ብዙ ገንዘብ መጀመር

ገንዘብ የሌለው ተማሪም ዛሬውኑ ትምህርቱን ሊጀምር ይችላል። ከዕቃ ማሸጊያ ፎም ወይም ከወፍራም ካርቶን ሞተር የሌለው ትንሽ አይሮፕላን ቆርጦ ይሥራ። ከዚያም ክንፉን ከሥር በሁለት ጣቶቹ ደግፎ ሚዛኑን ይመልከት። ሚዛኑ የሚያርፍበት ሥፍራ ከክንፉ ፊት ጀምሮ ሲለካ በክንፉ ስፋት ሩብና ሲሶ መካከል እንዲሆን አፍንጫው ላይ ጥቂት ሰም ወይም ጭቃ ይለጥፍ። ሲወረውረው አፍንጫውን ደፍቶ ቶሎ ከወረደ ከፊት ከብዷል፤ ወደ ላይ ተነሥቶ ቆም ካለ በኋላ ከወደቀ ደግሞ ከኋላ ከብዷል። ይህን በራሱ እጅ ያየ ሰው ስለ ሚዛን የተማረውን ዕድሜ ልኩን አይረሳም።

ሁለተኛው እርምጃ በኮምፒውተር ላይ በሲሙሌተር መለማመድ ነው። በሲሙሌተር መቶ ጊዜ ቢወድቁ የሚጠፋ ንብረት የለም። በተለይ የሚያስቸግረው አይሮፕላኑ ወደ አብራሪው ፊቱን አዙሮ ሲመጣ ነው፤ በዚያን ጊዜ የእርሱ ግራ ለእኛ ቀኝ ይሆናልና። ለዚህ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ፤ አይሮፕላኑ ወደ እኛ በሚመጣበት ጊዜ ማንሻውን ክንፉ ዝቅ ወዳለበት ጎን መግፋት ነው፤ ያን ጊዜ ክንፉ ተነሥቶ ይስተካከላል።

ስለ አገራችን አየር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሣሣል። ስለዚህ ያው አይሮፕላን በዚህ ሲበር ክብደቱን ለመሸከም ከአሥር አንድ እጅ በሚበልጥ ፍጥነት መጨመር አለበት። ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፤ ሲያርፍም ይፈጥናል። በደጋው አገር የምንኖር ሁሉ ቀላልና ክንፈ ሰፊ አይሮፕላን መምረጥ የሚገባን በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ባትሪው

ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ባትሪ ቀላልና ብርቱ ነው፤ በአግባቡ ካልያዙት ግን እሳት ያስነሣል። የአንዱ ክፍል መጠሪያ ኃይል 3.7 ቮልት ሲሆን፥ ሲሞላ ከ4.2 ቮልት ማለፍ፥ ሲሠራበትም ከ3 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ለዚሁ ባትሪ በተሠራ መሙያ ብቻ ይሞላ፤ በሚሞላበት ጊዜ ከሚቃጠል ነገር ርቆ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ፤ ብቻውንም አይተው። ያበጠ ባትሪ ዳግመኛ አይሞላም።

የራሴ ስሕተት

የሳይንስ ክበባችን አባላት ስድስት ወር ሙሉ ከኪሳችን አጠራቅመን አንዲት የመለማመጃ አይሮፕላን ገዛን። መምህራችንም አስፈላጊውን ፈቃድ አስወጡልን። ከመጀመሪያው በረራ በፊት በነበረው ሌሊት ኤሌሮኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ ላልቶ ስላገኘሁት ፈትቼ መልሼ ገጠምሁት። ክንዱን ግን በተቃራኒው በኩል ገጥሜው ኖሯል። በማግሥቱ ሜዳው ላይ ጓደኞቼ ተሰብስበው «ቶሎ በል!» ሲሉኝ፥ መመርመሩን ትቼ ለቀቅኋት።

አይሮፕላኗ ተነሣች። ነፋስ የግራ ክንፏን ዝቅ ሲያደርገው ወደ ቀኝ ገፋሁ፤ እርሷ ግን ይብሱን ወደ ግራ አዘነበለች። ደንግጬ አብዝቼ ገፋሁ፤ ተገልብጣም ወደቀች። የወደቀችው ሊያይ ከመጣ ከአንድ ታናሽ ልጅ አራት እርምጃ ያህል ርቃ ነበር። አፍንጫዋ ተሰበረ፤ ፕሮፔለሯም መሬት ውስጥ ተቀረቀረ። መምህራችን አልተቆጡኝም። ልጁን እጁን ይዘው ወደ እኔ አመጡትና «አይሮፕላኗ ትጠገናለች፤ ይህ ቢመታ ኖሮ ግን በምን ማጣበቂያ ትጠግነው ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለእኔ የተነገረ መሰለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በክበባችን አንድ ደንብ ወጣ፤ አንዱ ተማሪ ከወረቀት ላይ ጮኾ ያነባል፥ አብራሪው እያንዳንዱን እየሠራ ያሳያል። የምናነበውም ይህ ነው።

1ኛ/ ተመልካቾች ሁሉ ከአብራሪው ኋላ ይቁሙ።

2ኛ/ አስቀድሞ ማሰራጫው፥ ከዚያ በኋላ አይሮፕላኑ ይከፈት፤ ሲያበቃ ግን መጀመሪያ አይሮፕላኑ፥ በመጨረሻ ማሰራጫው ይዘጋ።

3ኛ/ የኤሌሮኑ ማንሻ ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙ ኤሌሮን ይነሣ፥ የግራው ይውረድ። የኤሌቬተሩ ማንሻ ወደ ራስ ሲሳብ ኤሌቬተሩ ይነሣ።

4ኛ/ ሚዛኑ በቦታው መሆኑና ባትሪው መሙላቱ ይታይ፤ ክንፉና ፕሮፔለሩም መጥበቃቸው ይፈተን።

5ኛ/ የማሰራጫው ኃይል ለመፈተኛ ተቀንሶ ሠላሳ እርምጃ ርቀን አይሮፕላኑ መታዘዙን እንይ።

6ኛ/ ወደ ነፋሱ ፊት ተነሥተን፥ ወደ ነፋሱ ፊት እንረፍ።

ለጀማሪ የሚሻለው ሰዓት ነፋስ ያልተነሣበት ጧት ነው። ከተነሡም በኋላ ቶሎ ከፍ ማለት ይጠቅማል፤ ከፍታ ስሕተትን ለማረም ጊዜ ይሰጣልና።

ስለ ፈቃድ

በአገራችን በራዲዮ የሚመራ በራሪ መሣሪያ ከውጭ ለማስገባትም ሆነ ለማብረር አስቀድሞ ከመንግሥት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዘመድ ከውጭ አገር እንዲልክላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን አጣሩ። ፈቃድ ቢገኝም ከአይሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፥ ከመንገድና ሰው ከሚበዛበት ሥፍራ በላይ ፈጽሞ አይበርም። በብዙ አገሮች የተወሰነው ከፍታ 120 ሜትር ነው።

መደምደሚያ

ውድ ወላጆች፥ ልጃችሁ ፎም ሲቆርጥና ሽቦ ሲያያይዝ ብታዩት ትምህርቱን የተወ አይምሰላችሁ። ሒሳብና ፊዚክስ በእጁ ላይ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራውን ከመልቀቁ በፊት መመርመርን ይማራል። ውድ ጓደኞቼ፥ እናንተም አትቸኩሉ። ከካርቶን ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ሲሙሌተር፥ ከዚያም ወደ ሜዳ እለፉ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ አይሮፕላንም የሚበረው እንዲሁ ነው።

የክበባችን አይሮፕላን ከሦስት ሳምንት በኋላ ተጠግና ዳግመኛ በረረች። ያን ቀን ወረቀቱን ጮኾ እንዲያነብ የተመረጠው ያ ታናሽ ልጅ ነበር፤ የቆመውም ከኋላዬ ነበር።