የእስያ ንብ ማር ጥራትና ተሕዋስያንን የመግታት ኃይሉ

ማር ቁስል ያደርቃል፣ ሳል ያለዝባል የሚለው እምነት በብዙ አገር ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ነው። ይሁን እንጂ እምነቱ ምን ያህል እውነት እንደሆነ፣ እውነት ከሆነም ኃይሉ ከምን እንደሚመነጭ ጠይቆ መረዳት ከተማሪ የሚጠበቅ ነው። የኃይሉን ምንጭ የማያውቅ ሰው ኃይሉን በገዛ እጁ ሲያጠፋው አይታወቀውምና። በዚህ ጽሑፍ የእስያን ንብ ማር ምሳሌ አድርገን፣ አንደኛ የንቡን ጠባይ፣ ሁለተኛ የማሩን ጥራት መለኪያ፣ ሦስተኛ ተሕዋስያንን የሚገታበትን ምክንያት፣ በመጨረሻም ከዚህ የምናገኘውን ትምህርት በአጭሩ እንመለከታለን።

1. ንቡ

በሳይንስ ስሙ ኤፒስ ሴራና የሚባለው የእስያ ንብ ከአፍጋኒስታን አንስቶ በህንድ፣ በኔፓል፣ በቻይናና በቬትናም አልፎ እስከ ጃፓንና ኢንዶኔዥያ ድረስ ይገኛል። የአገራችን ንብና የአውሮፓው ንብ ሁለቱም ኤፒስ ሜሊፌራ ከሚባለው ዝርያ ሲሆኑ፣ የእስያው ግን ራሱን የቻለ ሌላ ዝርያ ነው። እንደ እኛው ንብ በዛፍ ፍልፍልና በቀፎ ውስጥ የማር እንጀራ እየሠራ ይኖራል። ነገር ግን አካሉ አነስ ያለ፣ የመንጋውም ቁጥር ያነሰ ስለሆነ በዓመት የሚሰጠው ማር ከአውሮፓው ንብ በብዙ ያንሳል። ቢሆንም በተራራማ ስፍራ የሚኖሩ ገበሬዎች ብዙ ወጪ ሳያወጡ በግንድ ቀፎ፣ አንዳንድ ቦታም በቤት ግድግዳ ውስጥ በተተወ ክፍተት ያረቡታል።

2. የጥራት መለኪያ

የማርን ጥራት ለመመዘን ዓይንና ምላስ አይበቁም። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለማር እ.ኤ.አ. በ1981 ወጥቶ፣ በ1987 እና በ2001 ተሻሽሏል። በዚሁ መሠረት በማር ውስጥ ያለው ውሃ፣ ከጥቂት ልዩ ዓይነቶች በቀር፣ ከመቶ 20 እጅ መብለጥ የለበትም። ከዚህም ሌላ ኤች ኤም ኤፍ የሚባል ንጥረ ነገር ይለካል። ይህ ነገር ማር ሲሞቅ ወይም ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የሚበዛ ስለሆነ የአያያዝ ምስክር ነው። ወሰኑ በኪሎ 40 ሚሊግራም፣ ከሞቃት አገር ለሚመጣ ማር ደግሞ 80 ሚሊግራም ነው።

የእስያ ንብ ማር ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በውሃው መጠን ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዝናብና እርጥበት በበዛበት አገር ንቦቹ ከአበባ ያመጡትን ፈሳሽ እንደልብ ማድረቅ አይችሉም። ሁለተኛ፣ ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ንቦቹ እንጀራውን በሰም ሳይከድኑት ቸኩሎ ይቆርጠዋል። እንዲህ ያለ ማር እርሾ ይነሳበትና ይቦካል፤ በገበያም ዋጋ ያጣል።

3. ተሕዋስያንን የሚገታበት ምክንያት

ሀ) ስኳሩ። ማር ከመቶ 80 እጅ ያህሉ ስኳር ስለሆነ ከተሕዋስያን አካል ውሃ እየሳበ ያደርቃቸዋል። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። የበሰለ ማር ተከድኖ ዓመት ቢቀመጥ አይቦካም፤ በብዙ ውሃ ተበጥብጦ ብርዝ ሲሆን ግን ወዲያው መፍላት ይጀምራል፤ ጠጅም የሚገኘው ከዚሁ ነው።

ለ) አሲድነቱ። የማር ፒኤች አብዛኛውን ጊዜ ከ3.2 እስከ 4.5 ስለሚደርስ ለብዙ ባክቴሪያ አይመችም።

ሐ) ኤንዛይሙ። ንቦች ማር ሲሠሩ በራሳቸው ላይ ካለ ዕጢ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኤንዛይም ይጨምሩበታል። ማሩ በቁስል ፈሳሽ በመጠኑ ሲቀጥን ይህ ኤንዛይም ሥራ ይጀምርና ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ያወጣል። የማር ፀረ ተሕዋስያን ኃይል በአብዛኛው ከዚህ እንደሚመጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 አስረድተዋል።

መ) ሌሎች ንጥረ ነገሮች። ከአበባው የሚመጡ ቅመሞችም ድርሻ አላቸው። በኒውዚላንድ ማኑካ ማር ውስጥ ዋናው ኃይል ሜቲልግሊዮክሳል የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2008 ታውቋል።

የእስያ ንብ ማርም በተለያዩ አገሮች ቤተ ሙከራ ሲፈተን ቁስል የሚያመረቅዘውን ስታፊሎኮከስ ኦሬውስ ሲገታ ታይቷል። ነገር ግን ኃይሉ ከማር ማር ይለያያል። አበባው፣ የአገሩ አየርና አያያዙ ብዙ ልዩነት ያመጣሉ።

4. ትምህርቱ

ከላይ የተነገረውን ስናገናኝ አንድ ተቃርኖ እናገኛለን። ውሃው የበዛበትን ማር ደረጃው ላይ ለማድረስ በእሳት ማድረቅ ይቻላል። ነገር ግን ሙቀት ኤንዛይሙን ያጠፋዋል። ማሩ የውሃውን ፈተና ሲያልፍ የመድኃኒትነቱን ዋና ክፍል ያጣል ማለት ነው። ስለዚህ መፍትሔው ያለው ከቀፎው ላይ ነው፤ ይኸውም ንቦቹ የከደኑትን እንጀራ ብቻ መቁረጥ፣ እጭ ያለበትን ከማሩ ጋር አለመጭመቅ፣ ከብርሃንና ከእርጥበት ርቆ በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ገበሬው እንዲታገሥ ግን ነጋዴው ለበሰለ ማር የተሻለ ዋጋ መክፈል አለበት፤ ትዕግሥት ያለ ዋጋ አይገኝምና።

ለገዢም የሚሆን ምክር አለ። ማር መርጋቱ የተጭበረበረ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። በክብሪት ወይም በውሃ ጠብታ የሚደረገውም ፈተና አያስተማምንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር መስጠት አደገኛ ነው፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ መርዝ ያመነጫልና። ሐኪሞች ለቁስል የሚጠቀሙበት ማር በጋማ ጨረር ከተሕዋስያን የጸዳ ነው፤ የጓዳ ማር ግን እንዲህ ስላልሆነ ለጥልቅ ቁስልና ለከባድ ቃጠሎ ሐኪምን አይተካም።

ከመካከላችን እርሻ፣ ኬሚስትሪ ወይም ሕክምና የሚያጠኑ ይህን ጉዳይ ቢያስቡበት ይጠቅማል። የማርን ውሃ የሚለካው ሪፍራክቶሜትር በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። አጠቃቀሙን አውቆ ለገበሬ ማሳየት የሚችል ተማሪ የተማረውን ከሥራ ላይ አዋለ ማለት ነው።