በኢንተርኔት ቤት ክፍት የቀረ አካውንት፦ ሴሽንን በልኩ የመዝጋት አሠራር

ከቡሌ ደጋ ወርዶ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ጠዋት በስልኩ የከፈተውን አካውንት ከሰዓት በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ይከፍተው ይሆናል። እሱ ከወንበሩ ሲነሳ ሌላ ሰው ይቀመጣል። አካውንቱ ካልተዘጋ ተተኪው ውጤቱን ከማየት አልፎ ስሙንና ስልኩን ሊቀይርበት ይችላል። በሌላ በኩል ረጅም ፎርም ሲሞላ ቆይቶ ኔትወርክ ተቆራርጦ ሲመለስ «እንደገና ይግቡ» የሚል ገጽ ቢጠብቀው ድካሙን ውሃ በላው ማለት ነው። ሲስተሙን የሚሠራው ባለሙያ ሁለቱንም ጉዳት ማሰብ አለበት።

ድረ ገጽ በባሕርዩ ቀድሞ ያስተናገደውን ሰው አያስታውስም። የኔትስኬፑ ሉ ሞንቱሊ በ1994 እ.ኤ.አ. ኩኪን የፈጠረው ለዚህ ነው፤ ሰርቨሩ መለያ ቁጥር ይሰጣል፣ ብራውዘሩ በየጥያቄው ይመልሰዋል። ተጠቃሚው ከገባበት እስኪወጣ በዚህ ቁጥር የሚታወቅበት ቆይታ ሴሽን ይባላል። ቁጥሩን የያዘ ሁሉ እንደ ባለቤት ስለሚቆጠር፣ ቁጥሩ የማይገመት ይሁን፤ ተጠቃሚው እንደገባም በአዲስ ይተካ። ኩኪው ላይ «ሴኪዩር»፣ «ኤችቲቲፒ ኦንሊ» እና «ሴም ሳይት» የሚባሉት መጠበቂያዎች ይብሩ።

ቀጥሎ ሁለት የጊዜ ገደብ ይቀመጣል፦ አንዱ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ ለቆየበት፣ ሌላው ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ለሚቆጠረው። በድር ደኅንነት ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ ለመጀመሪያው ገደብ፣ ጥንቃቄ ለሚሻ ሲስተም ከ2 እስከ 5 ደቂቃ፣ ስጋቱ ዝቅ ላለው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይጠቁማል። ሲስተሙ የሚሠራበት የፕሮግራም መሣሪያ ይዞት የመጣውን የጊዜ ገደብ እንዳለ መተው አይበጅም። ላራቬል 120 ደቂቃ፣ ጃንጎ ሁለት ሳምንት ይሰጣሉ፤ ሁለት ሳምንት ለጋራ ኮምፒውተር እጅግ ብዙ ነው። ፒኤችፒ 1440 ሰከንድ ቢልም ያረጁ ሴሽኖችን የሚያጸዳው አልፎ አልፎ በመሆኑ፣ የመጨረሻው እንቅስቃሴ ሰዓት ሰርቨር ላይ ተመዝግቦ በየጥያቄው ይፈተሽ።

ፎርሙስ? በየጊዜው ረቂቁ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ፤ ተጠቃሚው ዳግም ሲገባ ካቆመበት ይቀጥል።

በመግቢያው ገጽ ላይ «አስታውሰኝ» የሚለው ሳጥን ገጹ ሲከፈት ምልክት የሌለበት ይሁን። ለመረጠው ሰው ከሴሽኑ የተለየ ቶከን ይሰጠዋል፤ ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው ግን የቶከኑ ሃሽ ብቻ ነው። ቶከኑ በተጠቀሙበት ቁጥር ይቀየራል፤ የተሻረው ተመልሶ ከመጣ ስርቆት ሊሆን ስለሚችል የዚያ አካውንት ቶከኖች በሙሉ ይሰረዙ። ገንዘብ ለመክፈል ወይም የይለፍ ቃል ለመለወጥ ግን «አስታውሰኝ» አይበቃም፤ የይለፍ ቃሉ እንደገና ይጠየቅ።

«ውጣ» ሲጫን ኩኪውን ከብራውዘር ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ሴሽኑ ከሰርቨሩ ይሰረዝ። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ኩኪውን ገልብጦ መያዝ፣ መውጣት፣ ከዚያ ያንኑ ኩኪ መልሶ መላክ። ገጹ ከተከፈተ አካውንቱ አልተዘጋም።