በእጅ አንጓ በኩል ወደ ልብ

ጥያቄ፦ የፔታህ ቲክቫ ነዋሪ ነኝ። እናቴ ቤይሊንሰን ሆስፒታል ለ«ጺንቱር» (በቀጭን ቱቦ ለሚደረግ የልብ ምርመራ) ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። «ልቤን ሊከፍቱት ነው» ብለው ፈርተዋል። ምን ይወቁ?

መልስ፦ ልብም ደረትም አይከፈትም። ሐኪሙ የእጅ አንጓን፣ አንዳንዴም ብሽሽትን በመርፌ አደንዝዞ ቀጭን ቱቦ በደም ቧንቧ ውስጥ እስከ ልብ ያደርሳል። በቱቦው በሚረጨው ቀለም የልብ ደም ቧንቧዎች በራጅ ስክሪን ላይ ይታያሉ። ታካሚዋ አብዛኛውን ጊዜ እንደነቁ ይቆያሉ፤ ቀለሙ ሲገባ ድንገተኛ ሙቀት ይሰማቸዋል፤ ሽንት ያመለጣቸው የሚመስላቸውም አሉ። ወዲያው ያልፋል።

ዘዴው አዲስ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ1929 ጀርመናዊው ሐኪም ቨርነር ፎርስማን በገዛ ክንዱ ቱቦ አስገብቶ ልቡ ድረስ አድርሶታል፤ በ1956 ኖቤል ተሸለመ።

ከምርመራው በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያሳዩ፤ በተለይ የደም ማቅጠኛና የስኳር ክኒን። የኩላሊት ሕመም ወይም አለርጂ ካለ ይናገሩ። በራሳቸው ውሳኔ ምንም አያቋርጡ። ከኩፓት ሆሊም (ከጤና መድን ድርጅታቸው) «ቶፌስ 17» የተባለው የክፍያ ማረጋገጫ ቅጽ መውጣቱንም ያረጋግጡ።

ጠባብ ቧንቧ ከተገኘ ሐኪሙ እዚያው ስቴንት ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ የስምምነቱ ፎርም ሳይገባቸው መፈረም የለባቸውም። ልጆች ለወላጅ ሲያስተረጉሙ ክፉውን ነገር ሊያለዝቡ ይችላሉ፤ ይህን የማስተርጎም ሸክም ባይሸከሙት ይሻላል። የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በምርመራው ምክንያት የደም መፍሰስ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ሊያጋጥም ይችላል፤ ከባዱ ጉዳት ግን ብርቅ ነው። ቤት ከገቡ በኋላ የተወጋው ቦታ ቢደማ አጥብቀው ይጫኑት፤ ካልቆመ ወደ አምቡላንስ (101) ይደውሉ።