የአትክልት ሾርባ ጠጥታችሁ ቶሎ የሚርባችሁ ለምንድን ነው?

በጾም ሰሞን ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ አንድ ሳህን ሙሉ የአትክልት ሾርባ ጠጥቼ ሰዓት ሳይሞላ ይርበኛል፤ ምን ይሻለኛል?»

ካሮት፣ ድንችና ቲማቲም ብቻ የገባበት ሾርባ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። ለጊዜው ሆድ ይሞላል እንጂ አያቆይም። መፍትሔው ጥራጥሬ መጨመር ነው። 200 ግራም ምስር ለ4 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወደ 12 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ የሁለት እንቁላል ያህል ማለት ነው።

አሶሳና አካባቢው ያላችሁ ደግሞ ባሚያ አላችሁ። ትኩሱም ሆነ ደርቆ የተፈጨው እዚያ የተለመደ የወጥ ግብዓት ነው፤ ከገንፎ ጋር ይበላል። የሚያሙለጨልጨው ነገር በውሃ የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) ስላለው ሾርባውን ያወፍራል፣ ጥጋቡንም ያቆያል።

ለ4 ሰው የሚያስፈልገው፦
• 1 ትልቅ ብርጭቆ (200 ግራም ገደማ) ምስር ክክ
• 1 ሽንኩርት፣ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል
• 2 ካሮት፣ 2 ቲማቲም፣ 1 ቁራጭ ዱባ
• 10 ፍሬ ባሚያ፣ 1 እፍኝ የተከተፈ ጎመን
• 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 ሊትር ተኩል ውሃ

አሠራር፦
1. ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉት፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቲማቲም ጨምሩ።
2. የታጠበውን ምስር፣ ካሮቱን፣ ዱባውንና ውሃውን ጨምራችሁ 20 ደቂቃ ቀቅሉ።
3. ባሚያውንና ጎመኑን ጨምሩና ሌላ 10 ደቂቃ ይብሰል። አትክልቱ የበሰለበትን ውሃ እንዳትደፉት፤ ብዙ ቫይታሚን እዚያ ውስጥ ነው የሚቀረው።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ልብ በሉ፦
✔ ሎሚ የሚጨመቀው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ቫይታሚን ሲ የምስሩና የጎመኑ ብረት ወደ ሰውነታችን እንዲገባ ያግዛል፤ ሙቀት ግን ያጠፋዋል።
✔ ቡና ወይም ሻይ ወዲያው አታስከትሉ። ብረቱን ይዘው ያስቀሩታል። ቢያንስ 1 ሰዓት ቆዩ፤ በተለይ እርጉዞችና የወር አበባ የሚበዛባችሁ እህቶች።
✔ ጨው ቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የሾርባ ኪዩብም ራሱ ጨው ነው፤ እሱን ከጨመራችሁ ሌላ ጨው አትድገሙ።

ጥንቃቄ፦ የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ፖታሲየም ሊበዛባችሁ ስለሚችል መጠኑን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ዓመቱን ሙሉ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የምትርቁ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ከዚህ ሾርባ አታገኙም፤ ስለ ተጨማሪ ቫይታሚን አማክሩ። ድካም፣ ማዞር ወይም የልብ ትርታ መፍጠን ካለ ሾርባ ላይ ብቻ አትመኩ፤ የደም ምርመራ አድርጉ።

እናንተስ ሾርባችሁ ውስጥ ምን ትጨምራላችሁ? ለሚጾም ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።