የልብ ሕመም ላለበት ሰው የሰውነት እንቅስቃሴ ስለሚሰጠው ጥቅም

ልብ በደረት ውስጥ ጥቂት ወደ ግራ አዘንብሎ የሚገኝ፥ መጠኑም የሰው ጭብጥ እጅ የሚያህል ሥጋ ነው። ሥራው ደምን ወደ መላ ሰውነት መግፋት ነው። ሰው አርፎ ሳለ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም ያስተላልፋል፤ በቀንና በሌሊትም 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። እንዲህ ያለው ትጉህ ሠራተኛ ሲታመም ዘመድ ሁሉ መደንገጡ የተገባ ነው። ነገር ግን ድንጋጤው ብዙ ጊዜ ወደ ስሕተት ይመራል። ይኸውም በሽተኛው ከመደቡ እንዳይነሣ፥ ከደጅም እንዳይወጣ ጨርሶ መከልከል ነው። ከልካዮቹ ይህን የሚያደርጉት በፍቅር ነው፤ ፍቅር ግን ዕውቀት ካልመራው ይጎዳል።

ብዙ ወራት ቆሞ የከረመ በሬ ቀንበር በተጫነበት ቀን ፈጥኖ ይደክማል። የሰውም ሥጋ እንደዚሁ ነው። ያለ ሥራ የተኛ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል። የሟሸሸ ጡንቻ ለጥቂት ሥራ ብዙ ደም ስለሚሻ፥ ሸክሙ ተመልሶ በደካማው ልብ ላይ ይወድቃል። ደግሞም ለረጅም ጊዜ በተኛ ሰው እግር ውስጥ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሊገድል ይችላል። በልክ የሚንቀሳቀስ ሰው ግን ጡንቻው ይጠነክራል፤ የደሙ ግፊት ይቀንሳል፤ እንቅልፉና መንፈሱም ይታደሳል።

ይህ ነገር ለሐኪሞችም ቶሎ አልተገለጠላቸውም። የእንግሊዝ አገር ሐኪም ዊልያም ሄበርደን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1772 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ ሰው ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚያስጨንቀውን፥ ሲቆም ግን የሚተወውን ሕመም ገለጸ። እርሱ ከሞተ በኋላ በ1802 በታተመው መጽሐፉ ደግሞ፥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ በመሰንጠቅ ከዚህ ሕመም ለመዳን ጥቂት የቀረውን ሰው ይጠቅሳል። ሆኖም ከዚያ በኋላ ብዙ ሐኪሞች ልቡ በድንገት የተመታውን ሰው ለብዙ ሳምንታት አስተኝተው ያኖሩት ነበር። በ1952 ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች፥ እንዲህ ያሉትን በሽተኞች ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንሥቶ በወንበር ማስቀመጥ እንደሚሻል ጻፉ። በ1953 ደግሞ ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ በለንደን ከተማ ባደረጉት ምርመራ፥ ተቀምጠው ከሚውሉት የአውቶቡስ ነጂዎች ይልቅ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ቲኬት ቆራጮች በልብ ሕመም ያነሰ መጠቃታቸው ታየ።

እንግዲህ በሽተኛው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሐኪሙ ከፈቀደለት በሜዳ ላይ በቀስታ 5 ደቂቃ በመሄድ ይጀምራል፤ በየሳምንቱም ጥቂት ጥቂት ይጨምራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው መጠን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፤ ይኸውም በቀን 30 ደቂቃ ለ5 ቀን ማለት ነው። እዚህ ያልደረሰም ቢሆን ጥቂቱ እንኳ ይጠቅመዋል። እየሄደ ሳይቋረጥ መነጋገር የቻለ እንደ ሆነ መጠኑ መልካም ነው፤ ቃል ማውጣት ካቃተው ግን አብዝቷልና ይቀንስ።

ጥንቃቄውም እንዲህ ነው። ጠግቦ እንደ በላ፥ በጠራራ ፀሐይ ወይም ትኩሳት ሳለበት አይሂድ። ትንፋሽን ይዞ ከባድ ሸክም ማንሣት ይቅርበት። ደረቱን ካስጨነቀው፥ ካዞረው ወይም ልቡ ያለ ልክ ከመታ ወዲያው ይቀመጥ፤ ዐርፎም የደረቱ ሕመም በጥቂት ደቂቃ ካልተወው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፥ እግሩም የሚያብጥ ሰው ሳይመረመር እንቅስቃሴ አይጀምር። እንቅስቃሴ መድኃኒትን አይተካም።

በአገራችን የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ባለመታከሙ የልባቸው በር የተበላሸ ልጆች አሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ መምህር ከጨዋታ ሁሉ ቢያርቀው ልጁ ከሕመሙ ይልቅ በኀዘን ይጎዳል፤ ከጤነኞች ጋር እንዲሽቀዳደም ቢያስገድደውም ሕይወቱን ያሰጋል። ስለዚህ ወላጆቹን ጠይቆ ሐኪሙ በፈቀደው መጠን ያጫውተው፤ ሐኪም ያዘዘለትን የፔኒሲሊን መርፌም ቀኑን ጠብቆ እንዲወጋ ያሳስብ።

የሽማግሌ ቃል በቤተ ዘመድ ዘንድ ይሰማል። በሽተኛን ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ «ተኛ» ብቻ ብሎ ከሚመለስ፥ ሐኪሙ ፈቅዶ እንደ ሆነ ጠይቆ እጁን ይዞ እስከ አጥሩ በር አብሮት ቢሄድ ታላቅ እርዳታ ረዳው።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ፤
1. ልብ የታመመ ሰው ያለ ሥራ ብዙ ቢተኛ ምን ይጎዳዋል?
2. የእንቅስቃሴው መጠን መብዛቱ በምን ይታወቃል?
3. ሕመምተኛው ወዲያው ማቆም የሚገባው ምን ሲሰማው ነው?