የመጠጥ ቤት መዝጊያ ሰዓትና የእኛ ድርሻ



ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ይፋግ በተመለስን ቁጥር ከወላጆቻችን የምንሰማው አቤቱታ አንድ ነው፤ «መጠጥ ቤቶች በጊዜ ቢዘጉ ኖሮ ልጆቻችን ባልተበላሹ ነበር» የሚል። ለመሆኑ የመዝጊያ ሰዓት ብቻውን ይበቃልን?

በመጀመሪያ የሌላ አገር ታሪክ እንመልከት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1916፣ ኒው ሳውዝ ዌልስና ቪክቶሪያ የተባሉት የአውስትራሊያ ክፍላተ ሀገር መጠጥ ቤቶች በእኛ ሰዓት ማታ 12 ላይ እንዲዘጉ ደነገጉ። ሐሳቡ ሠራተኛው በጊዜ ወደ ቤቱ እንዲገባ ነበር። ሠራተኛው ግን 11 ሰዓት ከሥራ ወጥቶ በቀረችው አንድ ሰዓት የቻለውን ያህል ይጨልጥ ጀመር። በድብቅ የሚሸጡም በዙ። በመጨረሻ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1955፣ ቪክቶሪያም በ1966 ሰዓቱን ወደ ምሽቱ 4 አራዘሙት።

ይህ ማለት ግን ሕግ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መሸጫ ሰዓትንና ቦታን መወሰን፣ ማስታወቂያን መከልከልና ግብርን ማሳደግ ከሚጠቅሙት እርምጃዎች እንደሚመደቡ ይመክራል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅንም አግዷል።

ሆኖም ግሮሰሪው ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሲሰቅል፣ ጠላና አረቄ የሚሸጥበት ቤት ብዙውን ጊዜ መኖሪያም ነው። መኝታና መሸጫ በመጋረጃ ብቻ የተለየበት ቤት በስንት ሰዓት ይዘጋል? ሻጪዋም ጌሾ ወቅጣ፣ ጢስ ዓይኗን እየለበለባት ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። ከመካከላችን በዚህ ገንዘብ ደብተር የተገዛለት አለ። ስለዚህ በእርሷ ላይ ድንጋይ አናነሣም።

እንግዲህ ሕግ የማይደርስበትን በር የምንዘጋው እኛ ነን። አንደኛ፣ 21 ዓመት ያልሞላን ሁሉ ማንም ባይጠይቀንም ከመጠጥ ቤት እንራቅ። ሁለተኛ፣ ታናናሾቻችንን ጠርሙስ አስይዘን አረቄ እንዲገዙ አንላክ። ሦስተኛ፣ በማኅበርና በድግስ ላይ «በሞቴ» እያልን በቃኝ ያለውን ሰው አናስገድድ። ወጣቱ የመጀመሪያውን ብርሌ ወይም መለኪያ የሚቀምሰው በአብዛኛው ከባለ ፈቃዱ ቤት ሳይሆን ከሚወደው ሰው እጅ ነውና።

ለውይይት፦
1. በአካባቢያችን ሰዓት ቢወሰን ማን ይጠቀማል? ማንስ ይጎዳል?
2. አረቄ ሽጣ የምትኖር እናት ሌላ መተዳደሪያ እንድታገኝ ምን ማድረግ እንችላለን?
3. እንግዳን ሳናስገድድ እንዴት እናክብር?

አስተዋይ ልቡና ይስጠን።